«ሰማይ አይታረስ» የሚለው ብሂልና የመተማ መራጭ

ከአባቶቻችን ከወረስናቸው ብሂሎች መካከል የአሮጌውን አገዛዝ ባሕርይ በአጭር ቃል በመግለጽ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የሚወዳደር እምብዛም አይገኝም። ብሂሉ ሁለት የማይቻሉ ነገሮችን ጎን ለጎን ያቆማል። አንደኛው በተፈጥሮ የማይቻል ነው፤ ሰማይ ላይ ሞፈርና ቀንበር አይደርስም። ሁለተኛው ግን ሰው ራሱ የማይቻል ያደረገው ነው። የብሂሉ ተንኮልም እዚህ ላይ ነው። ሰው የሠራውን ሥርዓት ከተፈጥሮ ሕግ ጋር በአንድ ቀንበር ይጠምድና ሁለቱም እኩል የማይነኩ አስመስሎ ያሳያል።

ንጉሥ የሚባል ገዥ ከአገራችን ከተወገደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ብሂሉ ግን ከንጉሡ ጋር አብሮ አልተቀበረም። መራጩ ሕዝብ በምርጫው ዕለት ተሰልፎ ድምፁን ከሰጠ በኋላ፣ «የቀረው የነርሱ ሥራ ነው» ብሎ ወደ እርሻው በተመለሰ ቁጥር፣ ተመራጩም በበኩሉ «ሕዝብ መርጦኛል፤ ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?» ባለ ቁጥር፣ ያ ብሂል አዲስ ልብስ ለብሶ ይነሣል። በመሆኑም ዛሬ ልንመረምረው የሚገባን መሠረታዊ ጥያቄ፣ ሕዝብ በድምፁ የሚሰጠው ሥልጣን በውል የተሰጠ አደራ ነው ወይስ ተመልሶ የማይጠየቅ ስጦታ? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከዋና ከተማ አዳራሾች ይልቅ የአገሪቱ ጠረፍ ይመረጣል። መንግሥት በመሐል አገር ሲታይ ሕንፃ፣ ሰልፍና ሥነ ሥርዓት አለው። በጠረፍ ግን የሚታየው በሚሠራውና በማይሠራው ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችንን ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን በሚባለው ሥር ወደሚገኙት የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላዎች እንመልስ። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት ይህ ምድር ከሱዳን ጋር የሚዋሰን፣ የንግድ በር የሆነ፣ የጦር ሜዳም ሆኖ የኖረ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ በመተማ ነው። የጠረፉ ከተማም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች።

ውሉ ከየት መጣ?

ማኅበራዊ ውል የሚባለው ሐሳብ በአውሮፓ ፈላስፎች ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ ተተንትኗል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰዎች እርስ በርስ ከመተላለቅ ለመዳን ሲሉ ነፃነታቸውን ለአንድ ኃያል ገዥ አሳልፈው እንደሚሰጡ አስረዳ። ጆን ሎክ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ይህን አረመ። ሥልጣን አደራ ነውና አደራውን የበላ መንግሥት የመገዛትን ግዴታ ራሱ አፍርሷል አለ። ዣን ዣክ ሩሶ ደግሞ በ1762 እ.ኤ.አ. የሉዓላዊነት ባለቤት ሕዝቡ እንጂ ገዥው እንዳልሆነ፣ ሕዝብም በምርጫ ቀን ብቻ ነፃ ሆኖ በማግሥቱ የሚገዛ ከሆነ ነፃነቱ ስም ብቻ መሆኑን አመለከተ። ሦስቱ በብዙ ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። መንግሥት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ለአንድ ዓላማ ያቋቋሙት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ፍልስፍና ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከቋራ ቆላ እናገኘዋለን። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ከዚሁ ምድር የተነሡ ናቸው። ገና በሽፍትነት ሳሉ ካገኙት ገንዘብ ለገበሬው እያካፈሉ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ያደርጉ እንደነበር በዘመናቸው ታሪክ ተጽፏል። ቆላው የተከተላቸው በዘር ሐረጋቸው ርዝመት አልነበረም። ከሌሎቹ መሳፍንት በተለየ የሚሰጡት ነገር ስለነበረ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑም አገሪቱ የተቀበለቻቸው መሳፍንቱ ያደቀቁትን ገበሬ ያሳርፋሉ በሚል ተስፋ ነበር።

ይሁንና ያ ተስፋ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ሲጓደልም የሚዳኝበት አንድም አካል ያለው ውል አልነበረም። ሠራዊቱ ከገበሬው ጎተራ እየበላ ሲዘምት፣ በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትዘረፍና ስትቃጠል፣ ሕዝቡ ገዥውን የሚጠይቅበት ሸንጎም ሆነ የሚያነሣበት የድምፅ ወረቀት በእጁ አልነበረም። የነበረው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ መክዳት። አውራጃዎቹ አንድ በአንድ ከዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የወደቁት ንጉሥ ቀድሞውኑ አገራቸው የተለየቻቸው ብቸኛ ሰው ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ሕዝብ ምንጊዜም ገዥውን የሚጠይቅ መሆኑን ነው። ልዩነቱ በምን ይጠይቃል? የሚለው ላይ ነው። የሚጠይቅበት ሕጋዊ መንገድ ከሌለ በመክዳት፣ በመሸፈት፣ በመሰደድ ይጠይቃል። የዚህ ዋጋ ደግሞ ለገዥውም፣ ለሕዝቡም፣ ለአገሪቱም እጅግ ከባድ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። የመንግሥት ብርታት በሕዝቡ ዕውቀትና ሥራ ላይ የቆመ መሆኑን የአገራችን ሰው በአገራችን ቋንቋ የጻፈው ገና በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የማኅበራዊ ውል ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ አይደለም።

ባለመሬቱ ያልተገኘባቸው ውሎች

የመተማ ቆላ አርሶ አደር ስለ ውል ሲነገረው መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው የድንበሩ ጉዳይ ቢሆን አያስደንቅም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሱዳንን ይገዛ ከነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ጋር በአዲስ አበባ የድንበር ውል ተፈራረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን መስመሩን በምድር ላይ ምልክት አደረገ። በኢትዮጵያ ወገን ለረጅም ዘመን ሲነሣ የኖረው ቅሬታ ይህ ሰው ሥራውን የፈጸመው የኢትዮጵያ መልእክተኞች ባልተገኙበት ነው የሚል ነው። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በተለዋወጡት ደብዳቤ ያ መስመር መነሻ እንዲሆን፣ በአልፋሽቃ ያለው ይዞታ ግን በመግባባት እልባት እስኪያገኝ ባለበት እንዲቆይ ተስማሙ።

በ2000 ዓ.ም. ጉዳዩ እንደገና ተነሣ። ድንበሩን በሚመለከት በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስለተደረገው ስምምነት መግለጫ የተሰጠው ወሬው በሕዝብ ዘንድ ከተዛመተ በኋላ ነበር። ከዚያም በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት በተቀሰቀሰ በሳምንታት ውስጥ፣ የሱዳን ሠራዊት ወደ አልፋሽቃ ገብቶ በዚያ ያርሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ከማሳቸው ተፈናቀሉ።

እዚህ ላይ የማን መሬት ነው? የሚለውን ክርክር ለመፍታት አንነሣም፤ ያ የካርታና የሰነድ ሥራ ነው። የምናነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። ከ1894 እስከ 2013 ዓ.ም. ባለው ከመቶ ዓመት በላይ ጊዜ ውስጥ በመሬቱ ላይ የሚያርሰው ሰው ተጠርቶ «ምን ትላለህ?» የተባለው መቼ ነው? ዘውድ ነበረ፣ ወታደራዊ መንግሥት ነበረ፣ ፌዴራላዊ መንግሥት መጣ፤ ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ የቆላው ገበሬ የድንበሩን ነገር የሚሰማው ከጎረቤቱ ወይም ከተኩስ ድምፅ መሆኑ ግን አልተለወጠም።

አንድ የቀን መገጣጠምም ልብ ሊባል ይገባዋል። የድንበሩ ውል የተፈረመው በግንቦት 7 ነው። በአገራችን ታሪክ ከፍተኛውን የሕዝብ ተሳትፎና ክርክር ያስነሣው አገር አቀፍ ምርጫም የተካሄደው ከ103 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ ሳይጠየቅ ስለ ሕዝቡ የተዋዋሉበት ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ለመቅረብ ረጅም ሰልፍ የቆመበት ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተደረገው ጉዞ ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ከሁለተኛው ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሦስተኛው ቀን፣ ማለትም ተመራጩ በመራጩ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ ገና በሚገባ አልመጣም።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ምርጫ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ተመረጡ። ነገር ግን ዕጩ ለመሆን ንብረት ማስመዝገብ ግዴታ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለተመራጮቹ አልነበረም። በጥር 1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በዚያው ዓመት ሰኔ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ አስከተለ። ያም ምርጫ በአንድ ፓርቲ መሪነት የተካሄደ ስለነበረ መራጩ ሰው ይመርጥ እንደሆነ እንጂ መንግሥት አይመርጥም ነበር። ሁለቱ ሥርዓቶች በርዕዮተ ዓለም የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም በአንድ ጉድለት ተመሳሰሉ። ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተጠያቂነቱ ግን ወደ ታች አይወርድም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ግልጽ ቃል አስቀምጧል። በአንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ሦስት ነገሮችን ያስተሳስራል። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት። ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ሆነ ተመራጭ ይጠየቃል። ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜም ከቦታው ሊያነሣው ይችላል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል። በአንቀጽ 40 አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ተሰጥቶታል። በአንቀጽ 55 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል።

አንባቢ ልብ ይበል። እነዚህ አራት አንቀጾች ለመተማው ገበሬ ሲተረጐሙ እንዲህ ይሆናሉ። መሬትህን የሚነካ ስምምነት ከሌላ አገር ጋር ከተደረገ፣ የአንተ ተወካይ ባለበት ጉባኤ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ተወካይህም አስቀድሞ አንተን ሊያማክርህ፣ በኋላም ድምፁን ለምን እንደዚያ እንደሰጠ ሊነግርህ ይገባል። ካልነገረህ ልታነሣው ትችላለህ። ይህ የተሟላ የውል ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ግን ጥንካሬው በደካማው ቀለበት ይለካል። የኛው ደካማ ቀለበት የመጨረሻው ነው። ተወካይን የማንሣት መብት በመጽሐፍ የሚታወቀውን ያህል በመንደር አይታወቅም። ይህ መብት ከላይ በፓርቲ ፍላጎት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ትርጉሙ ይገለበጣል። መራጩ ተመራጩን የሚቀጣበት በትር መሆኑ ቀርቶ ፓርቲ ያፈነገጠውን የሚገሥጽበት አለንጋ ይሆናል።

የዚህ ጉድለት ውጤት በቁጥር ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ተያዙ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ድጋፍ ሊኖር አይችልም። ይሁንና ከዐሥራ አራት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጎዳናዎች በተቃውሞ ሰልፈኞች ተጥለቀለቁ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ። ምክር ቤቱ ሙሉ ነበር፤ በውስጡ ግን የሕዝቡን ቅሬታ የሚናገር አንድ የተቃዋሚ ወንበር አልነበረም። በአዳራሹ ያልተሰማ ድምፅ በአደባባይ ተሰማ። በቴዎድሮስ ዘመን በመክዳት የተገለጸው ጥያቄ በዘመናችን በሰልፍ ተገለጸ። ያም ቢሆን ዋጋው የሰው ሕይወት ነበር።

የማይቆጠረው መራጭ

ስለ መራጭ ስንናገር በቅድሚያ መራጩ ማን ነው? ብለን መጠየቅ ይገባናል። በመተማና በአርማጭሆ ቆላ ሰሊጡን የሚያርመውና የሚያጭደው ጉልበት በብዛት ከደጋ የሚወርድ ነው። በቆላው እርሻዎች አጠራር ለአንድ ወቅት ከደጋ የሚወርደው አዲስ ሠራተኛ «ሐበሻ» ሲባል፣ ቆላውን ለምዶ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ የሚኖረው «ሳሉግ» ይባላል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። በደረሰ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ ፍሬው ከማቀፊያው ፈልቅቆ ይረግፋል። ስለዚህ በክረምቱ መግቢያ ቆላው በሰው ይሞላል፤ አዝመራው ሲያልቅ ይጐድላል።

የምርጫ ሕጋችን ደግሞ መራጭ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሰኔ የቆላው መሬት የሚዘራበት፣ ሠራተኛው ከደጋ የሚነሣበት ወር ነው። ይህ ሰው በቆላው ስድስት ወር አልሞላውምና እዚያ አይመዘገብም። በደጋው ቢመዘገብም በምርጫው ዕለት መንገድ ላይ ወይም ማሳ ውስጥ ነው። ሕጉ ማንንም ለመከልከል ተብሎ የወጣ አይደለም፤ ነገር ግን የሕግ ቀን መቁጠሪያና የሰሊጥ ቀን መቁጠሪያ ሲጋጩ የሚሸነፈው የቀን ሠራተኛው ነው።

ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ችግሩም አይቆጠርም። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚገኘው ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በሰፊው የሚያጠቃውም በሜዳ የሚያድረውን የእርሻ ሠራተኛ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ይኸው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ታይቶ ነበር። ተመራማሪዎች በሽታውን ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ወደዚያ ሳያደርሱት እንዳልቀረ ገምተዋል። በቆላው ድምፅ ያጣው ሠራተኛ ሕመሙን ተሸክሞ ወደ ደጋ ቀዬው ተመለሰ። ተወካይ የሌለው ሰው በሽታ በመጨረሻ ተወካይ ያለውንም ሰው ያገኘዋል።

ሠፋሪዎቹንም እንመልከት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከተደረገው፣ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከተጓጓዘበትና ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ከተጫኑበት ሠፈራ በተለየ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። መተማና ቋራም በአማራ ክልል ከተመረጡት ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። ለሠፋሪው እስከ 2 ሄክታር መሬት እንደሚሰጠው፣ የቀድሞ ይዞታውም ለሦስት ዓመት እንደሚጠበቅለት ቃል ተገብቶለታል። ይህ እንግዲህ በፍልስፍና መጽሐፍ የምናነበው ውል ሳይሆን በቁጥርና በጊዜ የተወሰነ ውል ነው። መንግሥት ይህን ያህል መሬት እሰጣለሁ አለ፤ ዜጋው ቤቱን ዘግቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሠፋሪው የመጠየቅ መብት ያለው እንደ ተቸገረ ምጽዋት ጠያቂ ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ወገን ነው። ሁለቱ የመጠየቂያ መንገዶች እጅግ ይለያያሉ። ለማኝ የተሰጠውን ይመርቃል፤ ተዋዋይ ግን የቀረበትን ይቈጥራል።

በቆጠራ ረገድም ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲደረግ፣ የምርጫ ክልሎችም በዚያ ላይ እንዲመሠረቱ አዟል። ከ1999 ዓ.ም. ቀጥሎ በ2009 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ቆጠራ ግን ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ። ሰው ወደ ቆላ እየወረደ ሲሄድ የውክልናው ልክ በቀድሞው ቁጥር ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ከገላባት ማዶ የተገኘ ትምህርት

ውል ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የመተማ ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ወደ ገላባት ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል። ሱዳናውያን ለሠላሳ ዓመት የገዛቸውን አገዛዝ በሰልፍ ካስወገዱ በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ወታደሮችና ሲቪሎች ሥልጣን ለመጋራት የሽግግር ሰነድ ፈረሙ። ያ ሰነድ ወደ ምርጫ የሚያደርስ ድልድይ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ወታደሮቹ ውሉን አፈረሱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን በጋራ ያፈረሱት ሁለቱ የታጠቁ ኃይሎች እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ከዚያ በኋላ በመተማ ዮሐንስ በኩል የገባው የስደተኛ ጎርፍ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ተጠለለ።

እዚህ ላይ ግን የሌላውን እያየን የራሳችንን መርሳት የለብንም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዝሞም እስከ 2016 ዓ.ም. ቆየ። የስደተኞች መጠለያ የነበረው ቆላ ራሱ የጸጥታ ችግር ገጠመው፤ በ2016 ዓ.ም. የአውላላ ስደተኞች በጸጥታ እጦት ተማርረው ጣቢያውን ጥለው በእግር እስከ መውጣት ደረሱ። ሆብስ የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ደኅንነት ነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰላም በታጣበት ሥፍራ የምርጫ ጣቢያ ይከፈት ይሆናል እንጂ ምርጫ አይኖርም። ምክንያቱም ፈርቶ የሚሰጥ ድምፅ ከሚፈራው አካል የመጣ ድምፅ ነው፤ የመራጩ አይደለም።

ሁለት ማመካኛዎች

መራጩ የመጠየቅ ሥልጣን ይኑረው በተባለ ቁጥር ሁለት ማመካኛዎች ይቀርባሉ። አንደኛው «የድንበርና የጸጥታ ጉዳይ ምስጢር ስለሆነ በሕዝብ ፊት አይቀርብም» የሚል ነው። የጦር ዕቅድ ምስጢር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የአንድ ቀበሌ ማሳ ከመስመር ወዲህ ይሁን ወዲያ ለባለማሳው ምስጢር ከሆነ፣ ምስጢሩ የተደበቀው ከጠላት ሳይሆን ከዜጋው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው «የቆላው ሕዝብ ያልተማረ ስለሆነ መንግሥትን መጠየቅ አይችልም» የሚል ነው። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። በዚህች አገር «በሕግ አምላክ!» የሚለው ቃል የተጣሉ ሰዎችን በያሉበት ያቆም የነበረው ፊደል የቆጠረ ሰው በጥቂቱ በነበረበት ዘመን ነው። ሽማግሌ ይዞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ምስክር አቁሞ የሚሟገት ገበሬ የውልን ትርጉም ማንም ሊያስተምረው አይችልም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በሣጥን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ወረቀት መብት መሆኑን ያውቃል። የሚጎድለው ዕውቀት ሳይሆን የሚጠይቅበት መድረክ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ጥያቄን አንሥቶ መፍትሔ ሳይጠቁሙ ማለፍ የጸሐፊ ግዴታን አለመወጣት ይሆናል። ስለዚህ ከመንግሥት በኩል የሚጠበቁትን እናስቀድም። ድንበርን የሚመለከት ማንኛውም ስምምነት ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት በሚመለከታቸው ወረዳዎች በአደባባይ ይነገር፤ ካርታው ለሕዝብ ይታይ። ተወካይን የማንሣት ሥርዓት እንደ ምርጫ ሥርዓቱ ሁሉ በቀላል ቋንቋ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ተነሣሽነቱም ከመራጩ ብቻ ይሁን። ለወቅታዊ ሠራተኞች ከእርሻቸው ሳይለዩ ድምፅ የሚሰጡበት መንገድ ይፈለግ፤ ለወታደርና ለተማሪ የተገኘ ዘዴ ሰሊጥ ለሚያጭደው ሰው የማይገኝበት ምክንያት የለም። የወረዳ በጀት በሰሌዳ የመለጠፍ ልማድም ከወረዳው ግቢ ወጥቶ ገበያ ይድረስ፤ የቆላው ሰው የሚሰበሰበው በገበያ ቀን ነውና።

ከመራጩ በኩል የሚጠበቀው ግን ከዚህ አያንስም። አደራ ሰጪ አደራውን ካልጠየቀ ተቀባዩ መርሳቱ አይቀርም። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ብሂል ያሳደግነው ሹሞች ብቻ አይደለንም፤ ሲበሉ አይተን ዝም ያልነውም ጭምር ነን። መራጭ ተወካዩ በዘመቻው ወቅት የገባውን ቃል ይመዝግብ፤ በዓመቱ ይጠይቅ፤ መልስ ሲያጣ በስም ጠርቶ ይናገር፤ በሚቀጥለው ምርጫም ዘመዴ ነው፣ የሠፈሬ ልጅ ነው ሳይል በሥራው ይመዝነው። ነገ በመተማ፣ በቋራ ወይም በአብርሃ ጅራ ለመመረጥ የሚቆም ሰው ከየትኛውም ፓርቲ ቢመጣ ሊቀርብለት የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ትሰጠናለህ?» አይደለም። «መቼ ተመልሰህ መልስ ትሰጠናለህ?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም መልስ አለው። ሁለተኛው ግን ተወካዩን ከነጋዴው ይለየዋል።

በመነሻችን የጠቀስነው ብሂል ሰማይ አይታረስም ይላል። እውነት ነው። የመተማ ምድር ግን ይታረሳል። የሚያርሰውም ሰው ክረምት ከበጋ ወባንና የአሸዋ ዝንብን ተቋቁሞ፣ በድንበር ጥይት ሥር ሆኖ፣ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ምርቶች አንዱን ያወጣል፤ ግብሩንም ይከፍላል። ግብር የሚከፍል እጅ ድምፅም ይሰጣል። ድምፅ የሰጠ እጅ ደግሞ ሂሳብ ለመጠየቅ የሚነሣ እጅ መሆን አለበት። ሹም የሚጠየቅበት ቀን በቆላው ገበያ እንደ ማንኛውም የገበያ ቀን የተለመደ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የብሂሉ ሁለተኛ እኩሌታ ይሻራል፤ የሚቀረው ሰማዩ ብቻ ይሆናል።